ከመርጫው በፊት ማጭዱ

(ባለፈው ቅዳሜ መራዊ ላይ በወተት አምራቾች ስብሰባ ያደረግሁት ንግግር ነው። አንድ ወጣት በስልኩ ቀድቶት ነበር። "እእእ" ያልኩባቸውን ቦታዎች ብቻ አውጥቼ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን አደራችሁ! ከኋላ ይሰማል? እሺ፣ ማይኩ ካስቸገረ ጩኹብኝ።

የተከበራችሁ የወተት አምራቾች፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እዚያ በሩ ጥግ የተቀመጣችሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም እንኳን ደህና መጣችሁ። በሩ ጥግ ለምን እንደተቀመጣችሁ አውቃለሁ። እኔም በእናንተ ዕድሜ እዚያው ነበር የምቀመጠው፣ ሹልክ ለማለት ይመቻል።

ለዚህ ስብሰባ ስጠራ "ስለ መኖ ተባይ መድኃኒት ንገረን" ነው የተባልኩት። ዛሬ ጠዋት ገና ከመኪና ሳልወርድ አንድ አያ እጄን ጨብጠው "የቱ ነው የሚገድለው? ስሙን ብቻ ንገረኝና ወደ ሥራዬ ልሂድ" አሉኝ። አያ፣ የት ተቀመጡ? አዎ፣ አየሁዎት። አልሄዱም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስሙን እነግርዎታለሁ፣ ግን መጨረሻ ላይ ነው።

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። ከመኖ ዓይነት አልፋልፋ ያለው እጁን ያንሳ። ጥሩ። ላብላብ ወይም ካውፒ የዘራ? በአጥሩ ዙሪያ የመኖ ዛፍ፣ ሰስባኒያ ወይም ሉኪኒያ የተከለ? ብዙ ነው፣ ደስ ይላል። የሌማት ትሩፋት ከመጣ ወዲህ የመኖ ነገር ተነቃቅቷል። አሁን ደግሞ፣ መኖው ላይ መድኃኒት ረጭቶ የሚያውቅ? አትፍሩ፣ ማንንም አልከስም። ግማሹ ነው። እሺ፣ ከመርጨቱ በፊት ተባዩን የቆጠረ?

ሦስት እጅ።

በቃ፣ የዛሬው ንግግሬ በእነዚህ ሦስት እጆችና በቀሩት መካከል ስላለው ነገር ነው። ሦስት ነጥብ አለኝ። አንደኛ ማየት፣ ሁለተኛ ማጨድ፣ ሦስተኛ መርጨት። ቅደም ተከተሉን አትርሱት። ማየት፣ ማጨድ፣ መርጨት። እኛ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስተኛው ነው የምንጀምረው።

ወደ ነጥቡ ከመግባቴ በፊት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከኮሌጅ ወጥቼ ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ተመደብኩ። አዲስ ባለሙያ ነኝ፣ አዲስ ቦት ጫማ፣ አዲስ ባለ 15 ሊትር የጀርባ መርጫ። መርጫ ያዘለ ሰው መንደር ውስጥ ሲገባ ልክ እንደ ሐኪም ነው የሚታየው፣ እኔም ትንሽ ሳይሰማኝ አልቀረም። እትዬ እያልኩ የምጠራቸው አንዲት እናት ነበሩ። አንዲት ዲቃላ ላም አለቻቸው፣ ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ናት። ከጓሮ አጃና ቬች የሚሉትን የጥራጥሬ መኖ ቀላቅለው ዘርተዋል። ቬቹን ክሽክሽ የምንለው ቅጠል የሚጠባ ደቃቅ ነፍሳት ወረረው። ጫፉ ሁሉ አረንጓዴ ክሽክሽ ተነስንሶበታል፣ ስትነኩት እጅ ላይ ይጣበቃል።

እኔ ምን አደረግሁ? መርጫዬን አዝዬ ሄድኩ። ረጨሁ። "እትዬ፣ ሁለት ሳምንት እንዳያጭዱት" አልኳቸው። ትክክል ነው አይደል? የመጠበቂያ ጊዜ ነግሬያለሁ። መጽሐፉ የሚለውን ብያለሁ። ሄድኩ።

በአራተኛው ቀን ልጃቸው እየሮጠች መጣች። ስደርስ ላሟ ቆማለች፣ ለሃጯ እንደ ክር መሬት ድረስ ይወርዳል። ትከሻዋ ላይ ያለው ሥጋ ይርገበገባል፣ ብርድ የመታት ይመስላል። ያስቀምጣታል። የእንስሳት ሐኪሙ ደርሶ አትሮፒን የሚሉትን የመርዝ ማርከሻ ወጋት፣ ደጋገመላት፣ ላሟ ተረፈች። ወተቱ ግን ለቀናት መደፋት ነበረበት። እትዬ ጠዋትና ማታ ያልባሉ፣ ጮጮውን ይዘው ወደ አጥሩ ሥር ይሄዳሉ፣ ይደፉታል። ጥጃዋን እንኳን እንዳትጠባ አሰሯት። ምንም አላሉኝም። በሦስተኛው ቀን ግን እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ፣ ሁለት ሳምንት አትንኪው አልከኝ። ላሜ ሁለት ሳምንት ምን እንደምትበላ ግን አልነገርከኝም።"

ይሄን ልድገመው። ላሜ ሁለት ሳምንት ምን እንደምትበላ አልነገርከኝም።

እኛ ባለሙያዎች የመጠበቂያ ጊዜ እንላለን። በጤፍ ላይ ይሠራል፣ በቲማቲምም ላይ ይሠራል። ሰው ቲማቲም ሳይበላ ሁለት ሳምንት ይኖራል። ጓሮው ያለው መኖ ብቻ የሆነ ሰው ግን የረጨ ቀን ላሙን አስጾማት ማለት ነው። ላም ደግሞ ጾም አታውቅም። ስለዚህ የመኖ ተባይ ከሌላው ሰብል ተባይ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ብትረጩ ላሟ ትጾማለች። ብታጭዱ ትበላለች። ይቺን ያዙልኝ።

እሺ፣ አንደኛ ነጥብ። ማየት።

ማየት ማለት በመንገድ ሲያልፉ "ደህና ነው" ብሎ መሄድ አይደለም። ነጭ ትሪ ያስፈልጋል። እኔ የቤታችንን የቡና ትሪ ነበር የምወስደው፣ ባለቤቴ "ሰው ትሪ ይዞ ቡና ይጠጣል፣ አንተ ትል ትቆጥርበታለህ" እያለች ስታማርረኝ ኖራለች። አሁን የራሴን ገዝቻለሁ። ማሳው ውስጥ ዚግዛግ እየሄዳችሁ እዚህም እዚያም ሠላሳ ግንድ ያህል ያዙ፣ ትሪው ላይ አራግፉ፣ ቁጠሩ። ዳር ዳሩን ብቻ አትዩ፣ ዳር ሁልጊዜ ይዋሻል። ጠዋት ጤዛው ሲረግፍ ጥሩ ነው። በሳምንት አንዴ፣ በበጋ መስኖ ጊዜ ሁለቴ።

ለምን በበጋ? ክሽክሽ ከባድ ዝናብ አይወድም፣ ያራግፈዋል። የኛ የቆጋ መስኖ አልፋልፋ በየካቲትና በመጋቢት ለምለም ነው፣ ሙቀት አለ፣ ዝናብ የለም። ለክሽክሽ ሠርግ ነው። ደግሞ ይህ ፍጡር ወንድ አያስፈልገውም። ሴቷ ብቻዋን፣ እንቁላል ሳትጥል፣ ልጅ ትወልዳለች። ሙቀት ካገኘች የተወለደችው ልጅ በሳምንት፣ ቢበዛ በአሥር ቀን እናት ትሆናለች። ዛሬ በአንድ ግንድ አምስት ያያችሁት በሁለት ሳምንት ምን ይሆናል? አስቡት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ስንት ሲሆን ነው የሚያሰጋው? ትልልቅ የአልፋልፋ እርሻ ያላቸው አገሮች የሚጠቀሙበት ልክ አለ። ተክሉ ከ25 ሴንቲ ሜትር በታች ለጋ ከሆነ በአንድ ግንድ ከ40 እስከ 50 የአተር ክሽክሽ ሲደርስ ይጠነቀቃሉ። ከ50 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ግን 100 ገደማ ሲደርስ ነው። ለጋው ቶሎ ይጎዳል፣ የደረሰው ይችለዋል። የኛ ማሳ የራሱ ጠባይ አለው፣ ቁጥሩን እንደ ሕገ መንግሥት አትያዙት። ግን አንድ ነገር ያስተምራል። አሥር ክሽክሽ አይቶ መርጫ መሸከም አያስፈልግም።

ትሪው ላይ ሌላም ነገር ታያላችሁ። ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጥብ ያላት ትንሽ ጥንዚዛ አለች አይደል? ልጆች የሚጫወቱባት። እሷ ክሽክሽ በላተኛ ናት። ልጇ ግን አትመስላትም። ጥቁር፣ ረዘም ያለች፣ የአዞ ግልገል የምትመስል ናት። ስንቱ ገበሬ "ይቺ ናት መኖዬን የጨረሰችው" ብሎ ጨፍልቋታል። እኔ ራሴ ተማሪ እያለሁ ጨፍልቄያለሁ። ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ክሽክሽ ሲቀጥፉ ነው የሚውሉት። ስትረጩ መጀመሪያ የሚሞቱት እነሱ ናቸው። ክሽክሹ በሳምንት ይመለሳል፣ እነሱ ግን ለመመለስ ብዙ ጊዜ ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ የረጨ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ይረጫል። "መድኃኒቱ ደካማ ነው" ይላል። መድኃኒቱ ደካማ አይደለም፣ ዘበኞቹን ገድሎበት ነው።

ሌሎቹን በፍጥነት ልለፋቸው። ላብላብና ካውፒ ላይ ጥቁር ክሽክሽ ታገኛላችሁ፣ ሰፈሩ ከጫፉና ከአበባው አንገት ላይ ነው። ጉንዳን ግንዱ ላይ ሲመላለስ ካያችሁ ጉንዳኑን አትከታተሉ፣ ወደላይ ቀና በሉ፣ ክሽክሹ እዚያ ነው። ጉንዳኑ የሚመጣው ለሚያንጠባጥበው ጣፋጭ ነገር ነው። ቡቃያው ገና በሁለትና በሦስት ሳምንቱ ጠውልጎ ከወደቀ ደግሞ ንቀሉትና ከአፈሩ አጠገብ ያለውን ግንድ ሰንጥቁት። ካበጠና ውስጡ ትንሽ ነጭ ትል ካለ የቦሎቄ ዝንብ ነው። በደረሰበት ጊዜ መርጨት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። አፈር አስታቅፉት፣ ከቁስሉ በላይ አዲስ ሥር ያወጣል፣ ብዙው ይተርፋል።

ሰስባኒያ ያላችሁ፣ ቅጠሉ ተበልቶ ጅማቱ ብቻ ሲቀር አይታችኋል? አንዲት ጥንዚዛ አለች፣ እሷም ልጇም ሰስባኒያ ብቻ ነው ጉዳያቸው። ዕንቁላሏን ቅጠሉ ላይ በክምር ትጥላለች። ችግኝ ላይ ከሆነ በእጅ መልቀም ይቻላል፣ ሕፃናት በደንብ ይሠሩታል፣ በአንድ ጣሳ አንድ ብስኩት። ሉኪኒያ ላይ ደግሞ አዲሱን ቀንበጥ የምታቀጭጨው፣ ሲነኩት እንደ ቁንጫ የምትዘል ትንሽ ቢጫማ ነፍሳት አለች። የመጣችው ከመካከለኛው አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በፓሲፊክና በእስያ ያለውን ሉኪኒያ አዳርሳ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ገባች። ዛፍ ላይ ወጥቶ የሚረጭ ሰው እንዳላይ። ደጋግማችሁ ከርክሙት፣ አዲስ ስትተክሉ ደግሞ አጥሩን በአንድ ዓይነት ዛፍ አትሙሉት። ሰስባኒያ፣ የርግብ አተር፣ ሉኪኒያ ቀላቅሉ። አንዱ ሲበላ አንዱ ይተርፋል።

ተምችስ? ትሉኛላችሁ። ተምች የሣር ዘር ነው የሚወደው። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ግጦሽ። አልፋልፋችሁን ዞሮ ያልፈዋል። በ2009 ዓ.ም. የገባው መጤ ተምችም ቢሆን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ በቆሎ ነው። እንዲያውም ተምች ግጦሹን የላጨ ዓመት ቤቱን ያተረፈው የጥራጥሬ መኖ የሆነለት ሰው አውቃለሁ።

እንግዲህ ሁለተኛ ነጥብ። ማጨድ። ዋናው ይሄ ነው፣ የሚያንቀላፋ ካለ ጎኑን ጎሰም አድርጉልኝ።

እኛ የመኖ ሰዎች ከሽምብራና ከአተር ገበሬ የበለጠ ዕድለኞች ነን። ለምን? የሽምብራ ገበሬ ፍሬ ነው የሚፈልገው። ጓይ ትል ፍሬው ላይ ሲገባበት ጉድ ይፈላል። እኛስ? እኛ ቅጠል ነው የምንፈልገው። አልፋልፋ የሚታጨደው ከመቶው ተክል አሥሩ ሲያብብ ነው፣ ላብላብም ካውፒም ማበብ ሲጀምሩ ነው። ጓይ ትል ወደ ፍሬው ሲመጣ ፍሬ የለም! ላሟ በልታዋለች። ተባዩ ለድግስ መጣ፣ ድግሱ አልቋል። ስለዚህ ለመኖ ብላችሁ በዘራችሁት ላይ ለፍሬ ትል መርጨት ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ክሽክሹም ቅጠል በሊታውም እንዲሁ። ቆጠራችሁ፣ በዝቷል፣ ማጨጃው ደግሞ ሳምንት ነው የቀረው እንበል። አትርጩ። እጨዱ። ዛሬ እጨዱ። ከመሬት ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ አጭዳችሁ፣ ያጨዳችሁትን እዚያው ማሳ ላይ ሳትከምሩ ወዲያው አውጡት። ክምር ትታችሁ ከሄዳችሁ ትሉ ከሥሩ ተጠልሎ የሚያቆጠቁጠውን ይበላዋል። ማሳው ባዶ ሲሆን ፀሐይ ተባዩን ጉዱን ታሳየዋለች። ክሽክሽ ለስላሳ ነገር ነው፣ የሚጠባው ቅጠል የለ፣ ጥላ የለ፣ ያልቃል።

ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ዩታ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1904 የአልፋልፋ ነቀዝ የሚሉት ጥንዚዛ ተገኘ፣ ከዚያ አገሩን ሁሉ አዳረሰ። ያን ሁሉ ኬሚካል የሚሠሩ ሰዎች እስከ ዛሬ ለገበሬያቸው ከሚሰጡት ምክር አንዱ ምንድነው? ማጨጃው ከተቃረበ ቶሎ እጨድ ነው። ሌላው ደግሞ ነቀዙን የምትገድል ትንሽ ተርብ ከትውልድ አገሩ አምጥቶ መልቀቅ ነበር።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። አንደኛ፣ በተከታታይ ሁለት ሦስቴ ለጋውን ካጨዳችሁት ሥሩ ስንቅ አይዝም፣ ይደክማል፣ ማሳው ይሳሳል። አንዴ ቀድማችሁ ካጨዳችሁ ቀጣዩን እስኪያብብ ታገሡት። ሁለተኛ፣ ለጋ አልፋልፋ ሆድ ይነፋል። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ የተነፋች ላም አይቷል። አጠውልጉት፣ ከገለባ ጋር ቀላቅሉት፣ ላሟ ጠዋት በባዶ ሆዷ አታግኘው።

ስታጭዱ ደግሞ ሁሉንም አትላጩት። ቃዳ መሬት ያለው ሰው በአንድ በኩል ሁለት እርምጃ ስፋት ያለው መስመር ለሳምንት ይተው። ምን ይሠራል? ያቺ ቀይ ጥንዚዛ ቤቷን ስታፈርሱባት ወደዚያ ትሻገራለች። አዲሱ ሲያቆጠቁጥ ትመለሳለች። ከዚያ የተተወውን ታጭዱታላችሁ። ይሄን ስነግራቸው "ጋሼ፣ ለጥንዚዛ መሬት እንስጥ?" ብለው የሳቁብኝ አሉ። አዎ፣ ለሳምንት አከራዩአት።

አጃና ቬች ስላልኩ፣ ቀላቅሎ መዝራትን አትናቁት። ቬቹ አጃውን ይወጣል፣ አይተኛም፣ ክሽክሹም እንደ ልቡ አይዘዋወርም። በቆሎ ውስጥ ዴስሞዲየም የሚሉትን የጥራጥሬ መኖ፣ ዙሪያውን የዝሆን ሣር የሚዘሩም አሉ። ከኬንያ የመጣ ዘዴ ነው። ዴስሞዲየሙ አቀንጭራ የሚባለውን አረም ያፍናል፣ የአገዳ ቆርቁሯን የእሳት እራት ያርቃል፣ ሣሩ ይስባታል፣ ሁለቱም ተመልሰው መኖ ናቸው። ጊዜ ካለን በጥያቄው ሰዓት እመለስበታለሁ።

ሦስተኛ፣ መርጨት። አያ፣ ደረስንልዎት።

አልዋሽም፣ መርጨት የሚገባበት ጊዜ አለ። አዲስ የተዘራ አልፋልፋ ገና ጣት አክሎ ክሽክሽ ከወረረው ማጨድ አይቻልም፣ የሚታጨድ ነገር የለማ። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሳሙና ውኃ ሞክሩ። የልብስ ሳሙና በውኃ ሟሙቶ፣ ትንሽ ቦታ ላይ ተሞክሮ፣ ማታ ፀሐይ ሲበርድ፣ ቅጠሉ ሥር ሥሩን። ሳሙና የሚገድለው የነካውን ነው፣ ያልነካውን አይገድልም፣ ስለዚህ እጃችሁ አይታክት። ለክሽክሽ ይሠራል፣ ለትል አይሠራም። የኒም ዛፍ ፍሬ ያላቸው የቆላ ዘመዶች ካሏችሁ እሱም ጥሩ ነው። አመድ የሚነሰንሱ አሉ፣ አልቃወምም፣ ግን ዝናብ ከመጣ ቡን ብሎ ቀረ ማለት ነው።

ካልሆነ ወደ ኬሚካሉ እንሂድ። ስሙ? ስሙን የሚነግርዎት የማሸጊያው ወረቀት ነው፣ አያ። አይቆጡ። ለመኖ የተፈቀደ መሆኑን፣ ከረጩ በኋላ ስንት ቀን ሳይታጨድ እንደሚቆይ የሚለው እዚያ ላይ ነው። ማንበብ ካልቻሉ ልጅዎ ያንብብልዎ። ወረቀቱ ከተላጠ፣ በውኃ ላስቲክ ተቀድቶ ከተሸጠልዎት፣ አይግዙት። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ የተሸጠ "ጉልበተኛ መድኃኒት" ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ያቺን የእትዬን ጥያቄ ጠይቁ። እስከዚያ ላሟ ምን ትበላለች? ድርቆሽ አለ? ፉርሽካና ፋጉሎ መግዣ አለ? መልስ ከሌላችሁ አትርጩ። በቃ።

ነገሩ በላሟ አያበቃማ። አንዳንዱ ኬሚካል ስብ ውስጥ ይቀመጣል። ወተት ውስጥ ስብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 ሃዋይ፣ ኦዋሁ ደሴት ላይ ምን ሆነ መሰላችሁ። የአናናስ ቅጠል ከትፈው ላሞች ያበሉ ነበር። አናናሱ ላይ ሄፕታክሎር የሚባል መድኃኒት ተረጭቶ ነበር። ወተቱ ውስጥ ተገኘ። ወተት ከየሱቁ ተሰበሰበ፣ ሕፃን ያላት እናት ሁሉ ተጨነቀች። ላሞቹ ግን ደህና ይመስሉ ነበር። አልተንቀጠቀጡም፣ ለሃጭ አላዝረከረኩም። የእትዬ ላም ቢያንስ ነግራናለች።

አንድ የራሴን ጉድ ልጨምር። የወንድሜ አልፋልፋ ላይ ክሽክሽ ገባ፣ እኔ ባለሙያ ነኝ ብዬ በጎረቤት መርጫ ረጨሁለት። በሳምንቱ ደወለ። ክሽክሹ ጠፍቷል፣ አልፋልፋውም አብሮ ጠፍቷል! ቅጠሉ ተጠማዟል፣ ግንዱ እንደ ቀለበት ዞሯል። ጎረቤትየው በዚያው መርጫ ጤፍ ላይ ቱፎርዲ የሚሉትን የአረም መድኃኒት ረጭቶበት፣ ዝም ብሎ በውኃ አለቅልቆ ነው የሰጠኝ። ቱፎርዲ ቅጠለ ሰፊውን ነው የሚገድለው፣ አልፋልፋ ደግሞ ቅጠለ ሰፊ ነው። ወንድሜ እስከ ዛሬ በዓል ላይ ያነሳብኛል። የአረም መድኃኒት የረጨ መርጫ ለመኖ አይሆንም። አታልቅልቁት፣ ለዩት። ቀይ ቀለም ቀቡት፣ ክር እሰሩበት፣ እንደፈለጋችሁ፣ ብቻ ይለይ።

ንብ ያላችሁ አትርሱ፣ ያበበ መኖ ላይ በቀን አይረጭም። የጎረቤታችሁም ንብ ንብ ነው።

የጋሪ ፈረስ ያላችሁም ስሙኝ። አበባ የምትበላ፣ ጥቁር ላይ ቀይ ወይም ቢጫ መስመር ያላት ረዘም ያለች ጥንዚዛ አለች። በእጅ ስትጨፈለቅ ቆዳ ታቃጥላለች፣ ውኃ ያቋጥራል። እነዚህ ያበበ መኖ ላይ በመንጋ ከሰፈሩ ለፈረስ ድርቆሽ አታድርጉት። ጥንዚዛዋ ከደረቀች በኋላም መርዟ አይጠፋም፣ ፈረስ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ይሞታልም። ከማበቡ በፊት ማጨድ እዚህም ይሠራል።

አራተኛ... ሦስት ብዬ ነበር አይደል? ይቅርታ፣ ዘር ረሳሁ። ዘር ሳላነሳ ብሄድ ዘር አምራቾቹ አይለቁኝም።

ዘር የምታመርቱ፣ የዘሩን ቦታ ለብቻ ለዩት። ትንሽ ይሁን፣ ከመኖው ይራቅ። እዚያ ፍሬ ትፈልጋላችሁ፣ ጓይ ትል ይመጣል፣ ልትረጩም ትችላላችሁ። የዚያን ገለባ ግን ወረቀቱ ካልፈቀደ ለላም አትስጡት። አደራ።

ከዚያ ነቀዝ። አንድ ዓመት ግማሽ ኩንታል የካውፒ ዘር ከጓደኛዬ ገዛሁ። ጆንያው ጎተራ ውስጥ ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ተቀመጠ። በሰኔ ስፈታው እጄን አስገባሁ፣ ሞቋል። ዘሩ ሞቋል! እፍኝ አውጥቼ ሳየው እያንዳንዱ ፍሬ በመርፌ የተበሳ ይመስላል፣ ዱቄቱ ጣቴ መሃል ይፈሳል። ነቀዙ ዕንቁላሉን ገና ማሳ ላይ ነው ፍሬው ላይ የጣለው፣ እኔ ዘር የገዛሁ መስሎኝ የነቀዝ ቤተሰብ ነው ያስገባሁት።

አሁን ምን አደርጋለሁ? ዘሩን በደንብ አደርቃለሁ፣ በጥርስ ስትነክሱት ቀጭ እስኪል። ከዚያ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ውስጥ፣ ፒክስ የሚሉት፣ ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ ውጩ ጆንያ የሆነው። አየሩን ጨምቄ አስወጥቼ አንድ በአንድ አጥብቄ አስራለሁ። ውስጥ የቀረው ነቀዝ ያለችውን አየር ተንፍሶ ይጨርሳል፣ ከዚያ መብላትም መዋለድም ያቆማል፣ ያልቃል። መድኃኒት የለበትም። መጀመሪያ የተሠራውም ለካውፒ ነበር፣ ካሜሩን ውስጥ። ነገር ግን በየሳምንቱ "እስቲ ልየው" እያሉ መፍታት የለም! የሚፈታ ከረጢት ተራ ጆንያ ነው። አይጥ ከበሳውም እንዲሁ።

የተሻለ ዘር ለምትፈልጉ ደግሞ፣ አዲስ አበባ ያለው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የመኖ ዘር ባንክ ከ18,000 በላይ የዘር ናሙና ይዟል። በግብርና ምርምር ማዕከላት በኩል ጠይቁ። ጎረቤት በልቶ ባስተረፈው ዘር ላይ አትንጠልጠሉ።

ሰዓቱ አልቋል መሰለኝ፣ አስተባባሪው እጁን እያሳየኝ ነው። ጥያቄ አለ? እሺ እናቴ።

(አንዲት እናት፦ "ልጄ፣ አሁን የእኔ አልፋልፋ ክሽክሽ አለበት፣ ገና አላበበም፣ ልጨደው ወይስ ልተወው?")

ቁመቱ እስከየት ነው? እስከ ጉልበትዎ? በአንድ ግንድ ስንት ነው? አልቆጠሩም። ቤትዎ ሩቅ ነው? ከአዳራሹ ጀርባ ነው! እንዲያውም ጥሩ። ምሳው ገና ነው ብለውኛል። እንግዲህ ሁላችሁም ተነሡ፣ የእርሳቸው ማሳ ላይ ሄደን እንቆጥራለን። ትሪዎቹ በሩ ጥግ ናቸው፣ እናንተ ወጣቶች አከፋፍሉ። ቀስ ብላችሁ ግቡ፣ መስኖ ትናንት ነው የለቀቁት፣ ጭቃ አለው።